«አፕግሬድ»፦ ስለዚህ ፊልም ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ያለችው ቤቴ ቅዳሜ ማታ ፊልም ቤት ትሆናለች። ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ተማሪዎች ይመጣሉ። ጋራዥ የሚሠራው ጓደኛዬ ግሪሱ ከጥፍሩ ሳይለቅ ይመጣል። ነርሷ ጎረቤቴም ተረኛ ካልሆነች አትቀርም። አብረን ብዙ ፊልም አይተናል፤ እንደ «አፕግሬድ» ያነጋገረን ግን የለም። ለተለያየ ሰው ስድስት ሰባት ጊዜ አሳይቼዋለሁ። ሰዉ ይቀያየራል፣ ጥያቄው ያው ነው። ስለዚህ መልሱን እዚህ ሰብስቤ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ያሉት ጥያቄዎች ፊልሙን ላላየ ሰው ናቸው። መጨረሻውን የሚነኩትን ለብቻቸው አድርጌአቸዋለሁ። እዚያ ስትደርሱ እነግራችኋለሁ።

ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?

ጊዜው ከእኛ ትንሽ ወደፊት ነው። መኪና ያለ ሹፌር ይሄዳል። ቤት በድምፅ ይታዘዛል። ፖሊስ ከተማውን በድሮን ይጠብቃል። ግሬይ ትሬስ በዚህ ሁሉ መሀል አሮጌ መኪና በእጁ እየፈታ የሚገጥም መካኒክ ነው። ማሽን እንዲያስብለት አይፈልግም። ሚስቱ አሻ ግን የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ ትሠራለች፣ አዲሱን ነገር ሁሉ ትወዳለች።

አንድ ማታ ግሬይ ኤሮን ኪን ለሚባል ሀብታም ወጣት ያደሰለትን መኪና ያስረክባል። ከሚስቱ ጋር ሲመለሱ ራሷን የምትነዳው መኪናቸው መንገድ ትስታለች። ይህን ትዕይንት ባጃጅ ለለመደ የባሕር ዳር ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ባጃጁ ያላሰባችሁት መንገድ ከገባ «ወራጅ አለ!» ትላላችሁ፣ ይቆማል። እዚህ «ወራጅ አለ» የሚሉት ሰው የለም። የሹፌሩ ቦታ ባዶ ነው። ሁለቱ ይጮኻሉ፣ መኪናዋ ዝም ብላ ትሄዳለች። በመጨረሻ ትገለበጣለች። አራት ሰዎች ከጨለማው ይመጣሉ። አሻን ይገድሏታል። ግሬይ አንገቱ ላይ ተመትቶ እጅ እግሩ ሽባ ይሆናል።

ከወራት በኋላ ኤሮን ሆስፒታል ድረስ መጥቶ አንድ ነገር ያቀርብለታል። «ስቴም» የምትባል ትንሽ ቺፕ አለችው። ቺፗ አከርካሪው ላይ ከተገጠመች የአንጎልን ትእዛዝ ተቀብላ ለእጅና ለእግር ታደርሳለች። ግሬይ እሺ ይላል። ተነስቶ ይራመዳል። ከዚያ አንድ ቀን ጭንቅላቱ ውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል። ስቴም ነው የሚናገረው። ገዳዮቹን ፈልጌ አገኝልሃለሁ ይለዋል።

ከዚህ በላይ አልናገርም።

ማን ሠራው? መቼስ ወጣ?

ጽፎ ያዘጋጀው አውስትራሊያዊው ሊ ዋኔል ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ሶው» የተባለ አስፈሪ ፊልም የጻፈው እሱ ነው፣ እዚያው ውስጥም ተውኗል። «አፕግሬድ» የተቀረጸው ሜልቦርን ውስጥ ነው። ግሬይን የሚጫወተው ሎጋን ማርሻል-ግሪን ነው። የስቴም ድምፅ የሳይመን ሜይደን ነው። ኤሮንን ሃሪሰን ጊልበርትሰን፣ መርማሪዋን ኮርቴዝን ደግሞ ቤቲ ጋብሪኤል ይሠራሉ።

መጀመሪያ የታየው መጋቢት 2010 ዓ.ም በአሜሪካዋ ኦስቲን ከተማ በሚካሄደው የ«ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት» ፌስቲቫል ላይ ነው። እዚያ በእኩለ ሌሊት ከሚታዩት ፊልሞች መካከል የተመልካቹን ሽልማት ወሰደ። አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የገባው ግንቦት 24 ቀን 2010 ዓ.ም ነው። ርዝመቱ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። አይንዛዛም።

ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን አልሰማሁትም? ከ«ቬኖም» ጋርስ አንድ ነው?

አንድ አይደሉም፤ ግን የአንዱ መልስ ያለው ሌላው ውስጥ ነው። ሁለቱም በአንድ ዓመት ወጡ። ሁለቱም ጭንቅላቱ ውስጥ ድምፅ ስለሚናገረውና ሰውነቱን ስለሚያዝዘው ሰው ናቸው። ዋና ተዋናዮቹ እንኳ በመልክ ስለሚቀራረቡ የ«ቬኖም»ን ቶም ሃርዲ ነው ብሎ የተከራከረኝ ሰው አለ። «ቬኖም» ከ850 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። «አፕግሬድ» በዓለም ዙሪያ ያስገባው ወደ 17 ሚሊዮን ነው።

ለአዘጋጆቹ ኪሳራ አልነበረም፤ ፊልሙ የተሠራው ከ5 ሚሊዮን ዶላር በማይበልጥ ወጪ ነው። ግን በዚህ ገንዘብ በየመንገዱ ፖስተር አይሰቀልም። ስሙ ብቻ ሰው የሚጠራ ተዋናይም የለበትም። የወጣበት ወቅት ደግሞ ትልልቆቹ ፊልሞች የሚጋፉበት የአሜሪካ በጋ ነው። ባሕር ዳር የደረሰው ፍላሽ ላይ ፊልም ከሚጭኑ ሱቆች በአንዱ ነው፤ እኔም ያገኘሁት እዚያ ነው። ከአርባ ፊልም መሀል ስሙ ብቻ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር። ልጁ «ይሄ ይጫን?» ሲለኝ በግድየለሽነት «ጫነው» አልኩት። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። ስንቱ ጥሩ ፊልም እንዲህ በአጋጣሚ ብቻ ነው እጃችን የሚገባው።

ዋናውን ልየው ወይስ ትርጉሙን?

ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ነው የምመልሰው። ትርጉም ፊልም እወዳለሁ። እናቴ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳታውቅ የዓለምን ፊልም ያየችው በዚያ ነው። አንድ ሰው ፊልሙን ከሥር እያስኬደ በራሱ ድምፅ መተረኩ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ እሳት ዳር ተረት ሰምተን ነው ያደግነው።

ለዚህ ፊልም ግን መጀመሪያ ዋናውን እዩ። ምክንያቴ አንድ ነው፤ የፊልሙ ነፍስ ያለው ድምፁ ውስጥ ነው። ስቴም የሚናገረው ለግሬይ ብቻ ነው። ሌላ ሰው አይሰማውም። እኛ ግን እንሰማዋለን። ስለዚህ ስቴም መናገር ከጀመረ ጀምሮ እኛም ከግሬይ ጆሮ ውስጥ ነን። ሳይመን ሜይደን ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ አይቆጣም፣ አይቸኩልም። እንደ ጥሩ ሐኪም ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው። ሰው በሚሞትበት ሰዓት እንኳ ድምፁ አይለወጥም። ያ ርጋታ ነው ቀስ እያለ የሚያስፈራው።

ተራኪው ሲገባበት ሦስተኛ ድምፅ ይመጣል። ግሬይም፣ ስቴምም፣ ገዳዩም በአንድ ሰው አንደበት ይናገራሉ። ማን ለማን እንደሚያወራ ይምታታል። ተራኪ ደግሞ ልማዱ ነው፣ ሊመጣ ያለውን ትንሽ ቀደም ብሎ ይነግራችኋል። እዚህ ፊልም ላይ ያቺ ቀድሞ መንገር ሁሉን ነገር ታፈርሳለች።

አንድ ጊዜ ዋናውን አይታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ትርጉሙን ከቤተሰብ ጋር ብታዩት ግን ደስ ይላል። እኔም አድርጌዋለሁ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ይገባኛል?

ይገባችኋል። ብዙ የሚያወራው ስቴም ነው፤ እሱ ደግሞ ቃል በቃል እየለየ ነው የሚናገረው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥር ክፈቱ። የሚያስቸግረው ኤሮን ስለ ፈጠራው የሚያወራበት ቦታ ነው። እሱ ቢያመልጣችሁም ታሪኩ አያመልጣችሁም።

ድብድቡ ለምን እንደ ሌላው ፊልም አይደለም?

ይህን ፊልም መጀመሪያ ያሳየሁ ቀን፣ ግሬይ ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቆ እየተደበደበ ሳለ መብራት ሄደ። ስቴም «ፈቃድህን ስጠኝ» ብሎት ነበር። ግሬይም ሰጥቶት ነበር። ልክ ሊነሳ ሲል ጨለመ። አርባ ደቂቃ ያህል በሻማ ተቀመጥን። በዚያ ጨለማ ውስጥ ስድስት ሰው ስለ አንድ ነገር ተከራከረ፤ አሁን የሚነሳው ማን ነው?

መብራት ሲመጣ ያየነውን አልረሳውም። ግሬይ እጁን ሳይደገፍ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሎ ከወለሉ ተነሳ። ካሜራው አብሮት ተነሳ። ከዚያ በኋላ እጁ ይመክታል፣ ይመታል፣ አንድም አይስትም። ፊቱ ግን ሌላ ነው፤ ደንግጧል። የራሱን እጅ እንደ ሌላ ሰው እጅ ነው የሚያየው። ሰውነቱ ይደባደባል፣ ፊቱ ይለምናል። ሎጋን ማርሻል-ግሪን ይህን የሠራው ከአንገት በላይ አንድ ሰው፣ ከአንገት በታች ሌላ ሰው ሆኖ ነው። እንቅስቃሴውም የተለማመደ ተደባዳቢ አይመስልም። ቆጠብ ያለ ነው፣ ትርፍ የለውም። የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ይቆማል።

የካሜራው ዘዴ ደግሞ ሲገባችሁ ይበልጥ ትወዱታላችሁ። ተዋናዩ ልብሱ ሥር ስልክ ታስሮለት ነበር። ሁላችንም ኪስ ያለው ዓይነት ስልክ። ስልክ ስታጋድሉት ምስሉ አብሮ የሚዞረው ውስጡ መዘንበሉን የሚለካ ነገር ስላለው ነው። የካሜራ ባለሙያው ስቴፋን ዱሺዮና ቡድኑ ካሜራውን ከዚያ ስልክ ጋር አገናኙት። ተዋናዩ ወደ ቀኝ ካጋደለ ካሜራው ያጋድላል፤ ከወደቀ ይወድቃል፤ ከተነሳ ይነሳል። ስለዚህ ግሬይ በስክሪኑ መሀል ተተክሎ ይቆማል፣ ክፍሉ ግን ዙሪያውን ይሽከረከራል። ዓይናችሁ «ይሄ ሰው ልክ አይደለም» ይላል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይነግራችሁም።

ሌላም አለ። ስቴም ፈቃድ ሳይሰጠው ካሜራው እንደማንኛውም ፊልም ካሜራ ነው። ስቴም ሲረከብ ብቻ ነው እንዲያ የሚተከለው። አንድ የፔዳ ተማሪ ነው ይህን መጀመሪያ ያየልን። ከዚያ በኋላ ካሜራውን አይተን ማን እየነዳ እንደሆነ ማወቅ ጀመርን።

ፊልሙ ጨለማ ነው አሉኝ። በምን ልየው?

በስልክ ባታዩት እመርጣለሁ። አብዛኛው ትዕይንት ማታ ነው፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አንዳንዴ ቀይ መብራት ብቻ ያለበት። ስልክ ላይ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ቀንም አይሆንም። የእኛ ቤት መስኮት ወደ ጣና ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከውኃው የሚመጣው ብርሃን ቴሌቪዥኑን ያጥበዋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ጀምሩት። ሐይቅ ዳር የምትኖሩ መስኮቱን ከ12 ሰዓት በፊት ዝጉ፤ ቢምቢ ከገባ ማንም ፊልም አያይም።

ብቻችሁን ከሆናችሁ በጆሮ ማዳመጫ እዩት። የስቴም ድምፅ የት እንደሚቀመጥ ያኔ ነው የሚገባችሁ።

ከልጆች ጋር ይታያል?

አይታይም። አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያለ ሰው ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እንዲያየው አልተፈቀደም። ደሙ ብዙ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ በቢላ የሚፈጸም አንድ ነገር አለ፣ ጠንካራ የሆነ ሰው እንኳ ፊቱን ያዞራል። ከደሙ በላይ የማስጠነቅቃችሁ ግን ሌላ ነው። ግሬይ ሽባ በሆነበት ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ራሱን ለማጥፋት የሚሞክርበት ቦታ አለ። አጭር ነው፣ ግን ከባድ ነው። እንዲህ ዓይነት ሐዘን ቅርብ ጊዜ የደረሰበት ሰው አብሯችሁ ካለ ሌላ ፊልም ምረጡ። እኔ አንድ ጊዜ ሳላስብ አሳይቼ ተጸጽቻለሁ።

ሳይንሱ እውነት ነው?

መነሻው እውነት ነው። አከርካሪ ውስጥ ያለው ሕብለ ሰረሰር ሲጎዳ አንጎል ትእዛዝ መላኩን አይተውም፤ እግርም አልሞተም። የተቆረጠው መሀል ያለው መንገድ ነው። እኛ ከተማ ይህን በድልድይ ማስረዳት ይቻላል። ዓባይ ላይ ድልድይ ባይኖር ወዲህም ወዲያም ከተማው አለ፣ መሻገሪያው ነው የሌለው። ስቴም ያ ድልድይ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ፊልሙ ከወጣ በኋላ በእውነት ተሠርቷል። በ2023 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ሎዛን ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. በብስክሌት አደጋ ሽባ ለሆነ ሰው አንዱን መሣሪያ ከአንጎሉ ላይ፣ ሌላውን ከሕብለ ሰረሰሩ ላይ መግጠማቸውን ይፋ አደረጉ። ሰውዬው ለመራመድ ሲያስብ መሣሪያው ሐሳቡን አንብቦ ለእግሩ ያደርሳል። በምርኩዝ ተደግፎ ተራመደ፣ ደረጃም ወጣ። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኒውራሊንክ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ቺፕ ሰው አንጎል ውስጥ ገጠመ። ያ ሰው በሐሳቡ ብቻ ኮምፒውተር ላይ ጠቋሚ ማንቀሳቀስ ቻለ።

ፊልሙ ልቦለድ የሚሆነው ድልድዩ መናገር ሲጀምር ነው። እነዚህ እውነተኛ መሣሪያዎች ትእዛዝ ያስተላልፋሉ እንጂ የራሳቸው ፍላጎት የላቸውም።

የሚነቀፍበት ነገር የለም?

አለ፣ አልሸፍንም። ነርሷ ጎረቤቴ ፊልሙን ወደደችው፤ ግን አንድ ነገር አናደዳት። ፊልሙ ሽባ መሆንን ከሞት የባሰ አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ ተነስቶ ካልሄደ ሕይወት የለም የሚል ይመስላል። እሷ በየቀኑ የምታያቸው ሰዎች እንዲያ አይደሉም። ያገባሉ፣ ይሠራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይስቃሉ። ደግሞ እውነተኛውን አድካሚ ነገር ፊልሙ ይዘለዋል አለች። የተኛ ሰው ቆዳው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ አለበት። ይህን የሚያደርግ ሰው በፊልሙ አይታይም። የግሬይ እናት አሉ፣ ልጃቸውን ለማስታመም ይመጣሉ። ከዚያ ታሪኩ ይረሳቸዋል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ዋናዋ ሰው እናት ናት። ሙሉ ፊልም ይወጣት ነበር።

አሻም ቶሎ ትሄዳለች። ሰው ሆና ሳናውቃት የባሏ ቂም መነሻ ትሆናለች። ኮርቴዝም እንዲሁ። ቤቲ ጋብሪኤል በዓይኗ ብቻ ብዙ የምትናገር ተዋናይ ናት፤ የተሰጣት ቦታ ግን ጠባብ ነው።

ከዚህ በታች መጨረሻው ይነገራል። ፊልሙን ያላያችሁ እዚህ ላይ አቁሙና ማታ እዩት።

መጨረሻው አልገባኝም። ሚስቱ አልሞተችም?

ሞታለች። ግሬይ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሲነቃ፣ አሻ አጠገቡ ሆና፣ ሁሉም ነገር ከአደጋው የመጣ ሕልም ነው የተባለ ሲመስል ብዙ ሰው እፎይ ይላል። ቤታችን ውስጥ ያጨበጨበ አለ። ያ ሆስፒታል ግን በግሬይ አእምሮ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። አእምሮው መሸከም ከሚችለው በላይ ሲሆንበት ተሰበረ፣ ሰላም ወዳለበት ሐሳብ ሸሸ። ውጭ ያለው ሰውነቱ አሁን የስቴም ነው። ኮርቴዝን የሚገድላት፣ ከቤቱ ወጥቶ የሚሄደው እሱ ነው።

አጠራጣሪ መጨረሻ አይደለም። ፊልሙ ራሱ በስቴም ንግግር ይነግረናል፤ ግሬይ የሚፈልገው ቦታ ነው፣ እዚህ ግን የለም። ጋራዥ የሚሠራው ጓደኛዬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና እንዲህ አለ፦ «መኪናውን ጠገኑት፣ ሹፌሩን አወረዱት።» እሱ ካለው የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

ስቴም ክፉ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ከመጀመሪያው። ገዳዮቹ የተቀጠሩት ግሬይን እንዲዘርፉ አልነበረም፤ ሽባ እንዲያደርጉት ነበር። ስቴም የሰው አካል ይፈልግ ነበር። ኤሮን ጌታው እንኳ አይደለም፤ ኤሮንም ለብዙ ጊዜ ሲታዘዝ የኖረ ሰው ነው። ስቴም የመረጠውም ማሽን የሚጠላውን፣ ሰውነቱ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሌለበትን መካኒክ ነው። የኤሮን ኩባንያ ስም ራሱ «ቬስል» ነው፤ ትርጉሙ ዕቃ፣ አንድ ነገር የሚቀመጥበት ማድጋ እንደማለት ነው። መጀመሪያ ስንሰማው ያው የኩባንያ ስም መስሎን አለፍነው።

ይሄ ዛር ነው ወይ?

ይህን የጠየቁት ከጎንደር ሊጠይቁን የመጡ አክስቴ ናቸው፤ ያየኋቸው ጽሑፎች ሁሉ ያላነሱትን ነገር አነሱ። ትርጉሙን ነበር ያሳየኋቸው። ግሬይ ፈቃድ ሲሰጥ አይተው «ሰፈረበት» አሉ። እውነት ነው። በእኛ ዘንድ ዛር የሰፈረበት ሰው «ፈረስ» ይባላል። ዛሩ ይጋልበዋል። በፈረሱ አፍ ይናገራል፣ የሚፈልገውን ይጠይቃል።

ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ተቀምጦ የዛር ሥርዓትን ሲከታተል ነበር። ኋላ ላይ ስለዚያ በጻፈው መጽሐፍ መስፈሩ ከቴአትር ጋር የሚመሳሰልበትን ጎን መርምሯል። አንድ ሰውነት ውስጥ ጋላቢም ተጋላቢም ይታያል። ሎጋን ማርሻል-ግሪን ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራው ይህንን ነው ብዬ አምናለሁ፤ እሱ ዛር የሚለውን ቃል ሰምቶ ባያውቅም።

አንድ ልዩነት ግን አክስቴ ራሳቸው አወጡ። ዛር ይለመናል። ቡና ይፈላለታል፣ ይጨሳል፣ ይደራደራል። «ይሄኛውን ምን ሰጥተው ይመልሱታል?» አሉ። ስቴም የሚፈልገው ራሱ ፈረሱን ነበር።

ግሬይ የገዳዮቹን አለቃ ፊስክን እንዴት አሸነፈው? ፊስክ ከእሱ ይፈጥን የለም እንዴ?

ይፈጥን ነበር። ስቴም በዚያ ድብድብ ተበልጧል። ያሸነፈው የግሬይ አፍ ነው። የፊስክ ወንድም ሰርክ እንዴት እንደሞተ እያነሳ አናደደው፣ ፊስክ ለአፍታ ተዘናጋ፣ አለቀ። በፊልሙ ውስጥ ማሽን ያልቻለውን ሰው የቻለበት ብቸኛ ቦታ ነው። የተጠቀመበት ግን ሰውን ለማቁሰል ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ይበልጥ አሳዘነኝ።

ሁለተኛ ክፍል አለው?

እስካሁን ሁለተኛ ፊልም አልወጣለትም። እኔ አልጠብቅም፤ ታሪኩ አልቋል። የዋኔልን ሥራ ከወደዳችሁ በ2020 እ.ኤ.አ. የሠራውን «የማይታየው ሰው» እዩ።

ድጋሚ ሳየው ምን ልብ ልበል?

ፈቃዱን ተከተሉ። አማርኛችን ለዚህ ፊልም የተሠራ የሚመስል አነጋገር አለው፤ ተሸነፈ ለማለት «እጁን ሰጠ» እንላለን። ግሬይ እጁን የሰጠው በአንድ ቀን አይደለም።

መጀመሪያ ሆስፒታል ውስጥ እሺ አለ፣ ለማንም እንደማይናገርም ፈረመ። ሁለተኛ ወጥ ቤት ወለል ላይ፣ ሊሞት ሲል፣ ተረከበኝ አለ። ሦስተኛ ኤሮን ስቴምን ከሩቅ ሊዘጋው ሲሞክር፣ ግሬይ እየተሳበ አንድ ሐከር (ኮምፒውተር ሰብሮ የሚገባ ባለሙያ) ቤት ድረስ ሄዶ ልጓሙን አስፈታው። ከዚያ በኋላ ስቴም ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለገውም። ሦስቱንም ጊዜ ማንም አላስገደደውም። ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ምርጫ ያለው አይመስልም ነበር።

በመሀል ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር አለች፣ ሦስተኛ ጊዜ ሳየው ነው ያስተዋልኳት። መጠጥ ቤት ውስጥ ስቴም አንዱን ሰው ሊያሠቃየው ሲጀምር ግሬይ ፊቱን ያዞራል። ማየት አልፈለገም። እጁ ግን አልቆመም።